የቡላ ገንፎ፣ ጾሙና የጉበት ቁጥሮች፦ ከሐዋሳ የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተመዘገበ

ክብደት ለመቀነስ ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና ያስጠበቡ አንዲት የሐዋሳ ነዋሪ በ10ኛው ሳምንት ሲመረመሩ፣ የጉበታቸው ኢንዛይም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበረው በእጥፍ ጨምሮ ተገኘ። ቤተሰቡ «ኦፕሬሽኑ ጉበቷን ጨረሰው» ብሎ ደመደመ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ባለሙያም ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አያስብም ነበር። ምክንያቱ ግን በአብዛኛው የተገኘው ገንፎ ሳህን ውስጥ ነው። ከዓመት በኋላ ያው ጉበት ከመነሻው እጅግ ተሽሎ ታይቷል። በመካከል የሆነው ነገር ተመሳሳይ ታካሚ ለሚከታተሉ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ቤተሰቦች ስለሚጠቅም ተጽፏል። የሰውም የተቋምም ስም አልተጠቀሰም።

ዳራ

ታካሚዋ የ44 ዓመት ወይዘሮ ናቸው። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ60፣ ክብደታቸው 112 ኪሎ፣ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት አንጻር ሲሰላ) 43.7። ዓይነት 2 ስኳር በሽታ ከያዛቸው 6 ዓመት ሆኗል፤ ደም ግፊትና የጉልበት ሕመምም አለባቸው። ሜትፎርሚን፣ ግሊመፒራይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው 8.1 በመቶ ነበር። መጠጥ የሚቀምሱት በዓል ሲሆን ብቻ ነው፤ ይህም «ይጠጣሉ ወይ?» ተብሎ በጅምላ ሳይሆን በብርሌና በጣሳ ተቆጥሮ ተጠይቋል።

በመስከረም ወር የተደረገው ምርመራ ኤኤልቲ 71፣ ኤኤስቲ 52፣ ፕላትሌት 148 ሺህ አሳየ። ኤኤልቲና ኤኤስቲ የጉበት ኢንዛይሞች ናቸው፤ ኤኤልቲ በብዙ ላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ኤስጂፒቲ፣ ኤኤስቲ ደግሞ ኤስጂኦቲ ተብሎ የሚጻፈው ነው። ፕላትሌት ደም የሚያረጋው የደም ክፍል ነው። አልትራሳውንዱ ስብ የበዛበት ጉበትና 14.5 ሴንቲሜትር የደረሰ ጣፊያ አገኘ። የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ ነጻ ሆነ፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም በዚያው ተጀመረ።

ለጉበት ጠባሳ የመጀመሪያ ማጣሪያ የሚሆነው ፊብ-4 የሚባለው ስሌት ነው። ዕድሜ በኤኤስቲ ይባዛል፤ የተገኘው ለፕላትሌት (በሺህ) እና ለኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ብዜት ይካፈላል። የታካሚዋ 1.83 መጣ። ከ1.3 በታች ሲሆን የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው፤ ከ2.67 በላይ ሲሆን በብርቱ ያጠራጥራል፤ በመካከሉ ያለ ሰው ሌላ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሁለት በሽታ በአንድ ጉበት

ዝቅ ያለው ፕላትሌትና ያበጠው ጣፊያ ለጉበት ስብ ብቻ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ወይዘሮዋ ያደጉት ከሐይቁ አጠገብ ነው፤ በልጅነታቸው ውሃ ይቀዱበት፣ ልብስ ያጥቡበት ነበር። ሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዝያ የሚተላለፍበት ውሃ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ የሰገራ ምርመራ ታዘዘ። የመጀመሪያው ናሙና ባዶ ነበር፤ በሌላ ቀን የተወሰደው ሁለተኛው እንቁላል ተገኘበት። አንድ ናሙና ብቻ ወስዶ «የለም» ማለት እንዲህ ያሳስታል። አልትራሳውንዱ በድጋሚ በጥንቃቄ ሲታይ ከአንጀት የመጣውን ደም በጉበት ውስጥ በሚያሰራጩት የፖርታል ደም ሥሮች ዙሪያ ውፍረት ነበረ። ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊግራም ተሰልቶ ተሰጠ።

ልዩነቱን ማወቅ ይገባል። ቢልሃርዝያ የሚያጠቃው ደም ሥሩ ያለበትን አካባቢ ነው፤ የጉበት ሴሎችን እስከ መጨረሻው ድረስ ብዙም አይነካም፤ ስለዚህ ኢንዛይም ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ ይገኛል። ደሙ በፖርታል ሥር ሲታገት ጣፊያ ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ፕላትሌት ይይዛል። ፕላትሌት ደግሞ ፊብ-4 ስሌት ውስጥ አካፋይ ነው። ጣፊያው ስላበጠ ብቻ ቁጥሩ ከፍ ይላል ማለት ነው፤ በሐይቅ ዳር ከተሞች ይህን ስሌት የሚጠቀም ሁሉ ልብ ቢለው እንወዳለን።

የጉበት ግትርነት የሚለካው በፋይብሮስካን ነው፤ ለዚህ ታካሚዋ አዲስ አበባ ሄዱ። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ለመካከለኛ ሰውነት የተሠራው መለኪያ ከቆዳ እስከ ጉበት ያለውን የስብ ውፍረት ማለፍ ስላቃተው ልኬቶቹ እርስ በርስ ተራራቁ፤ ልዩነታቸው ከመሀለኛው ልኬት 30 በመቶ ሲያልፍ ውጤቱ አይታመንም። በትልቁ መለኪያ፣ ከ3 ሰዓት ጾም በኋላ ሲደገም 11.2 ኪሎፓስካል ሆነ። የስቡ ልኬት 338 ነበር።

ስቡና ብግነቱ

የሆድ ዕቃን የሸፈነው ስብ ደሙን የሚያፈሰው በቀጥታ ወደ ጉበት ነው። የስብ ሴል ከልኩ በላይ ሲያብጥ ኦክሲጅን ያጥረዋል፤ ከፊሉም ይሞታል። የሞተውን ሊያጸዱ ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ዙሪያውን ይከባሉ፤ እነሱም ቲኤንኤፍ-አልፋና ኢንተርሉኪን-6 የተባሉ የብግነት መልእክተኞችን ይረጫሉ። ኢንተርሉኪን-6 ጉበት ሲደርስ ጉበቱ ሲአርፒ የተባለውን የብግነት ጠቋሚ ፕሮቲን እንዲያመርት ያዘዋል። በላቦራቶሪ የምናየው ሲአርፒ እንግዲህ ጉበት ሠርቶ የሚያወጣው መልስ ነው፤ ጥያቄው የመጣው ከስብ ይሁን፣ ከጥርስ ይሁን፣ ከሽንት ቧንቧ ይሁን ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም።

ይህ የታየው ገና ሲጀመር ነው። የመጀመሪያው ሲአርፒ 11.8 ሆነ። ከ10 ሲያልፍ ኢንፌክሽን መፈለግ ደንብ ስለሆነ ሲታይ መንጋጋ ጥርሳቸው መግል ቋጥሯል። ጥርሱ ታክሞ ሲደገም 9.4 ወረደ። ለንጽጽር መነሻ የተያዘው ይህ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ለጉበት ምን እንደሚያደርግ ጥሩ ማስረጃ አለ። በጣሊያን 288 ሰዎችን በዕጣ የመደበውና በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው ብሬቭስ የተባለ ጥናት፣ ጠባሳው ሳይብስ የጉበት ብግነቱ በአንድ ዓመት ውስጥ የጠፋላቸውን ቆጥሯል፦ በባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ የአንጀቱን መጀመሪያ በሚያዘልለው ቀዶ) 56 በመቶ፣ በስሊቭ (ጨጓራን ብቻ በሚያጠበው፣ ለታካሚዋ በተሠራው ቀዶ) 57 በመቶ፣ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ምክር 16 በመቶ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካው ስፕሌንደር ጥናት 1,158 ሰዎችን ወደ ኋላ ተመልክቶ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ከባድ የጉበት ችግር የገጠማቸው ቀዶ ሕክምና ካደረጉት 2.3 በመቶ፣ ካላደረጉት 9.6 በመቶ መሆናቸውን አግኝቷል። በዚያው ጥናት ከተቀደዱት 650 ሰዎች 4ቱ በመጀመሪያው ዓመት በቀዶው ጦስ መሞታቸው ሳይጠቀስ ማለፍ የለበትም።

«ኦፕሬሽን ጉበት ይጨርሳል» የሚለው ፍርሃትም ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ይሠራ የነበረው አብዛኛውን ትንሽ አንጀት የሚያዘልል ቀዶ ሕክምና ሰዎችን ለጉበት ድካም ዳርጎ ቀርቷል። ዋናው ምክንያት የፕሮቲን እጦትና በተዘለለው አንጀት ውስጥ የሚራባው ባክቴሪያ ነበር። የዛሬዎቹ ስሊቭና ባይፓስ ሌላ ናቸው። የፕሮቲን እጦቱ ግን በሌላ በር ሊገባ ይችላል፤ እዚህ የሆነውም ያ ነው።

ዝግጅቱ

መጀመሪያ ኤንዶስኮፒ ታየ። ቢልሃርዝያ ያለበት ሰው የጉሮሮ ሥሮቹ አብጠው ሊሆን ስለሚችል ይህ አይታለፍም። ሥሮቹ ደህና ነበሩ፤ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ግን ተገኘ፤ ለ14 ቀን ታክሞ መጥፋቱ ከ4 ሳምንት በኋላ በሰገራ ምርመራ ተረጋገጠ።

ከባይፓስ ስሊቭ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። ጨጓራውና ትንሹ አንጀት በኤንዶስኮፒ እንደልብ እንደታዩ ይቀጥላሉ፤ ቫይታሚን የመምጠጥ ችግሩም ቀለል ይላል፤ ክትትሉ ከከተማ ከተማ በሚሆንበት ቦታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የስሊቭ ዕዳው ቃር ነው፤ ይህም አስቀድሞ ተነግሯቸዋል።

ቀዶው በጥር ሁለተኛ ሳምንት ተቀጠረ። ከዚያ በፊት ለ3 ሳምንት በቀን ከ900 እስከ 1,000 ካሎሪና 70 ግራም ያህል ፕሮቲን ያለው ምግብ ታዘዘ። ዓላማው የጉበቱን ግራ ክንፍ ማሳነስ ነው፤ ጨጓራው ላይ የተኛው እሱ ስለሆነ ካበጠና ከወፈረ ሲነሣ ይቀደዳል፣ ይደማል። አመጋገቡ ሲጀመር ግሊመፒራይዱ በግማሽ ተቀነሰ፤ አለበለዚያ ስኳር ይወርድባቸው ነበር። ጊዜው ከገና ጾም ጋር ስለገጠመ የቀኑ ፕሮቲን ከምስር፣ ከሽሮና ከቆሮሶ ዓሣ ሾርባ ተገኘ፤ ዓሣው የሐዋሳው ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል እያለ ችግር አይደለም። የገና ዕለት ቤተሰቡ ፈርቶ ነበር፤ እሳቸው አንድ እንቁላልና አንድ የዶሮ ብልት በልተው አበቁ። በ3 ሳምንት 5.5 ኪሎ ወረደ።

ቀዶ ሕክምናው

በአዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራና መሣሪያ ተሠራ። መሣሪያዎቹ ሆድ ውስጥ እንደገቡ፣ ጨጓራው ከመነካቱ በፊት የጉበት ናሙና ተወሰደ። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው፤ ናሙናው ዘግይቶ ከተወሰደ በቀዶው ምክንያት ጉበት ውስጥ የሚሰበሰቡት ነጭ የደም ሴሎች የበሽታው ብግነት መስለው አንባቢውን ያሳስታሉ። ከዚያ 38 ፍሬንች ውፍረት ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ፣ ከጨጓራው መውጫ 5 ሴንቲሜትር ተትቶ መቁረጥ ተጀመረ። ሦስት አራተኛ የሚሆነው ጨጓራ ወጣ።

የናሙናው ውጤት ስብ 2፣ ብግነት 2፣ የሴል እብጠት 1፤ ድምሩ ሊደረስበት ከሚችለው 8 ውስጥ 5 ሲሆን ጠባሳው ሁለተኛ ደረጃ ነው።

በ3ኛው ቀን ሲአርፒ 84 ነበር። ይህን ያየች የታካሚዋ ልጅ ደንግጣለች፤ ከቀዶ በኋላ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ሲአርፒ ጣሪያ መንካቱ ግን የሚጠበቅ ነው። የሚያሳስበው በ3ኛው ቀን ከ100 እስከ 150 ያለውን መስመር ማለፉ፣ ከልብ ምት ፍጥነትና ከትኩሳት ጋር መምጣቱ ነው፤ ያኔ የተሰፋው መስመር ማፍሰሱ ይፈተሻል። ወይዘሮዋ በ3ኛው ቀን ከሰዓት ወጡ። ግሊመፒራይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በዚያው ቀሩ፤ ፈሳሽ በደንብ የማይጠጣ ሰው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ከወሰደ ይዝላል።

የታዘዘላቸው መልቲቫይታሚን፣ ብረት፣ ካልሲየም ሲትሬት፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12 እና ለ6 ወር የሚወሰድ ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ 300 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነበር። የመጨረሻው በፍጥነት በሚከሳ ሰው የሐሞት ጠጠር እንዳይፈጠር ይረዳል።

ችግሩ

በ4ኛው ሳምንት 99 ኪሎ ነበሩ፤ ሁሉም በመስመሩ ይሄድ ነበር። በ7ኛው ሳምንት ዓቢይ ጾም ገባ። ከጨጓራ ቀዶ በኋላ ያለው የአመጋገብ ሰንጠረዥ በተፈጨ እንቁላል፣ በእርጎ፣ በአይብና በዓሣ የተሞላ ነበር፤ በአንድ ሌሊት ሁሉም ተነሣ። ታካሚዋ በዚህ ጾም ዓሣም አይቀምሱም። ሽሮው በርበሬ ስለነበረበት አቃጠላቸው፤ ምስሩ ሳይፈጭ ስለቀረበ ተናነቃቸው፤ ሁለት ጊዜ አስመለሳቸው። ቤተሰቡ በየዋህነት መፍትሔ አገኘ፦ ቡላ።

በሲዳማ ምድር ቡላ የታመመ፣ የወለደችና የደከመ ሰው ምግብ ነው። ለስላሳ ነው፣ አይተናነቅም፣ ሆድ አይቆርጥም። ጠዋት የቡላ አጥሚት፣ ቀን በዘይት የተነካካ የቡላ ገንፎ፣ ማታ የድንች ሾርባ። ሆድ ይሞላል፤ ታካሚዋም አያስመልሳቸውም። ችግሩ ቡላ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ስታርች መሆኑ ነው። በኋላ በነርሷ እርዳታ የሦስት ቀኑ ምግብ ተቆጥሮ ሲደመር በቀን ከ20 ግራም ያነሰ ፕሮቲን ሆነ፤ ትንሹ የሚፈለገው 60 ነው። ጨጓራው ከ150 ሚሊሊትር ያልበለጠ ነገር ሲይዝ እያንዳንዱ የገንፎ ማንኪያ የሽሮውን ቦታ ይወስዳል።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እንክብሎቹ ጨጓራቸውን ስለሚያቅለሸልሹ ቫይታሚኑን አቆሙት። ለጉልበታቸው ዲክሎፌናክ እየገዙ መዋጥ ጀመሩ። ዓይናቸው ቢጫ መሰለ ሲባል ደግሞ ዘመድ «የወፍ ነው» ብሎ ከአንድ መድኃኒት አዋቂ የተቀጠቀጠ ቅጠል አምጥቶ ለ9 ቀን ጠዋት ጠዋት አጠጣቸው። ቅጠሉ ምን እንደነበረ አልታወቀም።

በ10ኛው ሳምንት ሲመጡ 89 ኪሎ ነበሩ፤ በመጨረሻው አንድ ወር በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ ወርዷል። የሦስት ሳምንት ማስመለስ፣ የእግር ጣት መደንዘዝ፣ ማዞር። ኤኤልቲ 146፣ ኤኤስቲ 118፣ ቢሊሩቢን 1.6፣ አልቡሚን 3.0፣ ፖታሲየም 3.1፣ ሲአርፒ 14። ፕላትሌት 151 ሺህ ነበር፤ ፊብ-4 ሲሰላ 2.85 ወጣ። ወረቀቱን የያዘው ሰው «ጠባሳው ወደ ሲሮሲስ ሄዷል»፣ ማለትም የመጨረሻው ደረጃ ደርሷል፣ ብሎ ጽፎበት ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

መጀመሪያ የተደረገው ነገር የጉበት አልነበረም። ለሳምንታት ያስመለሰ የጨጓራ ቀዶ ታካሚ ጣቱ ከደነዘዘ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ጨርሷል ተብሎ ይወሰዳል፤ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም። ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ ማንጠልጠል የቀረችውን ታያሚን አቃጥሎ አእምሮን ሊጎዳ ይችላል። ታካሚዋ ድንገተኛ ክፍል እንደገቡ ግሉኮስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ነርሷ አስቁማ ኖርማል ሳላይን ቀየረች። ለእኛ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው። የታቀደው 200 ሚሊግራም ታያሚን በቀን ሦስት ጊዜ በደም ሥር ነበር፤ ብቻውን የተዘጋጀ ታያሚን ስላልተገኘ በቢ ኮምፕሌክስ መርፌ፣ አምፑሉ ላይ የተጻፈው የታያሚን መጠን እየተቆጠረ ተጀመረ። የዓይን እንቅስቃሴያቸውና አረማመዳቸው በየቀኑ ይታይ ነበር፤ ደህና ነበሩ። ፖታሲየሙ ተተካ።

ቀጥሎ ማስመለሱ ከመጥበብ የመጣ እንዳይሆን ኤንዶስኮፒ ታየ። ጨጓራው የትም አልጠበበም፤ ዲክሎፌናኩ የላጠው ቦታ ግን ነበር። ዲክሎፌናክና ቅጠሉ ቆሙ፤ ለጉልበት ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ሳይበልጥ ተፈቀደ። የቫይረስ ምርመራ ተደገመ፤ ነጻ ነው። አልትራሳውንድ የሐሞት ቱቦው እንዳልተዘጋ አሳየ። ሲአርፒውን ከፍ ያደረገው የሽንት ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፤ ታከመ።

ምግቡ ላይ የተደረገው ንግግር ከመድኃኒቱ ይልቅ ጊዜ ወሰደ። ወይዘሮዋ ጾሙን መተው አልፈለጉም፤ ማንም እንዲተዉ አላዘዛቸውም። ነርሷ «እትዬ፣ ይህን ወረቀት ለንስሐ አባትዎ ያሳዩልኝ» ብላ የበሽታውን ሁኔታ በአንድ ገጽ ጽፋ ሰጠች። ካህኑም ለሕመምተኛ እንደሚደረገው እስኪሻላቸው ድረስ እንቁላልና ወተት እንዲወስዱ ፈቀዱላቸው። ፕሮቲኑ በአንድ ቀን አልተጫነም፤ ሰውነት ከረሃብ ሲመለስ ማዕድናቱ ስለሚዛቡ በ5 ቀን ውስጥ ከ30 ወደ 60፣ ከዚያ ወደ 75 ግራም ወጣ፤ ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ማግኒዚየም እየተለካ። የተሰጣቸው ትእዛዝ አጭር ነበር፦ መጀመሪያ ፕሮቲኑ፣ 20 ደቂቃ ቆይቶ ቢተርፍ ቦታ ሌላው፤ ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣም፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

የተሳካውና ያልተሳካው

ኤኤልቲ በ2 ሳምንት 92፣ በ6 ሳምንት 41፣ ቀዶው በተደረገ በ6ኛው ወር 28 ሆነ። መደንዘዙ በ10 ቀን ለቀቀ። ሲአርፒ በ6ኛው ወር 4.1፣ በዓመቱ 1.9 ደረሰ። የሦስት ወር አማካይ ስኳር ሜትፎርሚን ብቻ እየወሰዱ 5.8 ሆነ።

ኢንዛይሙ ለምን እንደጨመረ ስናየው ሦስቱም ነገሮች ድርሻ ነበራቸው ብለን እናምናለን፦ ቅጠሉ፣ ዲክሎፌናኩ እና ረሃቡ። ሦስቱ በአንድ ሰሞን ስለቆሙ የየራሳቸውን ድርሻ መለየት አይቻልም። የረሃቡ መንገድ ግን ኩዋሺዮርኮር በተባለው የምግብ እጥረት የታመመ ሕፃን ጉበት ለምን በስብ እንደሚሞላ ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይደለም። ሰውነት ሲከሳ ስቡ ከሆድ ተነቅሎ በብዛት ወደ ጉበት ይጎርፋል፤ ጉበቱ ስቡን ጭኖ ወደ ደም የሚልክበት ማጓጓዣ የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ሲጠፋ ስቡ ይገባል፣ አይወጣም።

ያልተሳካም አለ። ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲዱ ሐዋሳ ውስጥ በየፋርማሲው ተጠይቆ ስላልተገኘ በ2ኛው ወር ተቋረጠ፤ በ9ኛው ወር አልትራሳውንድ ላይ ጥቃቅን የሐሞት ጠጠሮች ታዩ። ሕመም ስለሌላቸው እየተጠበቁ ነው። የስድስት ወሩ መድኃኒት ከቀዶው በፊት ተገዝቶ መቀመጥ ነበረበት። ቃሩ በ8ኛው ወር መጣ፤ ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ነው። ፀጉራቸው በ4ኛው ወር ክፉኛ ረገፈ፤ በዓመቱ ተመልሷል።

ፋይብሮስካኑ ከ11.2 ወደ 8.1 ኪሎፓስካል፣ የስቡ ልኬት ከ338 ወደ 246 ወረደ። ስቡ በወራት ይለቃል፤ ጠባሳ ዓመታት ይፈልጋል፤ ከቢልሃርዝያ የመጣውም ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

ለሌላ ታካሚ የሚሻገረው

ፊብ-4 የተረጋጋ ጉበት መለኪያ ነው። ጉበቱ ድንገት በተቆጣበት ቀን ሲሰላ ኤኤስቲው ቁጥሩን ወደ ላይ ይጎትታል፤ 2.85 የተባለው ጠባሳ አልነበረም። የሚገርመው የዓመቱ ነው፦ ኤኤስቲ 24፣ ኤኤልቲ 22፣ ፕላትሌት 156 ሺህ፣ ዕድሜ 45፤ ሲሰላ 1.48 ነው። ሁሉም ኢንዛይም ልክ ሆኖ ቁጥሩ ከ1.3 አልወረደም። ኤኤልቲ በአካፋዩ በኩል ስላለ እሱ ሲወርድ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ፕላትሌቱን ደግሞ ጣፊያው ይዞታል። በቢልሃርዝያ አካባቢ ይህን ስሌት ብቻውን ይዞ ታካሚን «አልተሻለህም» ማለት ስህተት ነው።

ሲአርፒም እንዲሁ፣ የተወሰደበት ቀን ሳይጻፍ ትርጉም የለውም። በዚህች ታካሚ 11.8 ጥርስ፣ 84 ቀዶ፣ 14 የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። ስለ ሆድ ስብ የሚናገሩት 9.4፣ 4.1 እና 1.9 ብቻ ናቸው።

የቀዶ ቀጠሮ ሲሰጥ የጾም ወቅት አብሮ ቢታይ ብዙ ነገር ይቀላል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከቀዶው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 3 ወራት ውስጥ ከወደቀ የጾሙ ምግብ ዝርዝር ታካሚው ከሆስፒታል ሳይወጣ መዘጋጀት አለበት። ከውጭ የተቀዳ የእንቁላልና የእርጎ ሰንጠረዥ ሰጥቶ መሸኘት ለእኛ አገር ግማሽ ሥራ ነው። ስለ ቅጠል ሲጠየቅም ቁጣ አያስፈልግም፤ ወይዘሮዋ በመጀመሪያው ቀን ስለ ቅጠሉ ዝም ያሉት ቁጣውን ፈርተው ነው።

ከዓመት በኋላ

ታካሚዋ 78 ኪሎ ናቸው፤ ቢኤምአይ 30.5። ጣፊያው 14.2 ሴንቲሜትር ነው። አዲስ የቢልሃርዝያ ምርመራ ነጻ ሆኗል፤ ቢ12 እና ብረት በየ6 ወሩ፣ ፋይብሮስካን በዓመት ይታያል። ስለ ቃሩና ስለ ጉሮሮ ሥሮቹ የኤንዶስኮፒ ቀጠሮ ተይዟል።

ዓቢይ ጾም በሳምንታት ውስጥ ይገባል። ዘንድሮ ይጾማሉ፤ ዕቅዱ ተጽፎ አንዱ ቅጂ ልጃቸው ዘንድ ነው፦ በርበሬ ያልበዛበት ወፈር ያለ ሽሮ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 50 ግራም ዱቄት ገብቶ፣ ከሁለቱ በድምሩ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን፤ የተፈጨ ምስር 150 ግራም፣ 13፤ ግማሽ ሊትር የአኩሪ አተር ወተት በጥቂት በጥቂቱ፣ 15፤ የለውዝ ቅቤ 30 ግራም፣ 7። የጎደለው በአኩሪ አተር ዱቄት ይሞላል። ኢንዛይም በ3ኛው ሳምንት ይለካል። የቡላ ገንፎውም አልተከለከለም፤ ከሽሮው በኋላ፣ ሦስት ማንኪያ።